ሦስት ስም፣ አንድ ሳጥን፦ ከመሐል ሜዳ ለመጣ የሶላር ጥያቄ

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ መሐል ሜዳ እናቴ ቤት ሶላር ላስገባላት ነው። ደብረ ብርሃን 3 ሱቅ ዞርኩ። ሦስቱም ጋ ኢንቨርተሩ፣ ቻርጀሩና የሶላር መቆጣጠሪያው አንድ ሳጥን ውስጥ ያለበት፣ 5.5 ኪሎዋት በ48 ቮልት የሚል ዕቃ አለ። ሳጥኑ አንድ፣ ስክሪኑ አንድ፣ አራቱ ቁልፎች እንኳ ያው ቦታ ናቸው። ስሙ ግን ሦስት ዓይነት፣ ዋጋውም ሦስት ዓይነት። ርካሹ መመሪያ የለውም። መካከለኛው ጋ እዚያው ጠጋኝ አላቸው። ውዱ ላይ «የጀርመን ቴክኖሎጂ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ዋጋው የርካሹ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ባለ 550 ዋት 10 ፓኔል በአንድ መስመር ተከታትሎ ቢታሰር ይችላል ብለውኛል። ቤቱ ውስጥ ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ አምፖልና የእንጀራ ምጣድ አለ። መብራቱ ማታ ማታ ይዳከማል፣ ይጠፋልም። ኦሪጅናሉ የቱ ነው?»

ወንድሜ፣ «ኦሪጅናሉ የቱ ነው» የሚለውን መጀመሪያ ተወው። ምናልባት ሦስቱም ኦሪጅናል ናቸው። ምናልባት አንዱም አይደለም። የጠየቅከው ስለ ስሙ ነው፤ እናትህ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን ሳጥኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው።

ገበያው እንዲህ ነው። ኢንቨርተር፣ ማለት የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረውን፣ ከባዶ ነድፈው ቦርዱን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ያን ያህል ብዙ አይደሉም። ስም የሚለጥፉት ግን እልፍ ናቸው። ቮልትሮኒክ ፓወር የሚባል በ2008 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የታይዋን ድርጅት አለ። ዋና ሥራው ለሌሎች ማምረት ነው። አክስፐርት የሚባለውን የኢንቨርተር ዘር የሚሠራው እሱ ሲሆን፣ ብዙ ነጋዴ በራሱ ቀለምና በራሱ ስም ይሸጠዋል። ዴዬ የሚባለው የቻይና ፋብሪካም እንደዚያው ነው። በደቡብ አፍሪካ የሚታወቀው ሰንሲንክና በአሜሪካ የሚታወቀው ሶል-አርክ ሁለቱም ስም ያወጡት እዚያ በተሠሩ ዕቃዎች ነው። ሁለቱንም ማንም ፎርጅድ ነው አይላቸውም። ስም መቀየሩ በራሱ ነውር የለበትም።

የመንዝ ልጅ ነህና ይሄ አይገርምህም። አንድ ሸማኔ የሠራው በርኖስ መሐል ሜዳ ገበያ፣ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ በሦስት ዋጋ ይሸጣል፤ የሸማኔው ስም የትም የለም። በርኖሱን ግን በእጅህ ዳብሰህ፣ ወደ ብርሃን ገልጠህ ክሩን ታየዋለህ። ኢንቨርተር ሲሆን ሳጥኑ ተዘግቷል። ጣጣው እሱ ላይ ነው።

ደግሞም ሳጥን ተመሳሰለ ማለት ሆዱ ተመሳሰለ ማለት አይደለም። አንዱ ዕቃ ከዋናው ፋብሪካ ወጥቶ ስም ብቻ የተቀየረለት ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ደህና ነው። ሌላው ከዚያው ፋብሪካ ወጥቶ፣ ግን አስመጪው «ዋጋ ቀንሱልኝ» ብሎ ያነሰውን ሞዴል ያዘዘው ይሆናል። የሶላር ግብዓቱ ያንሳል፣ ፋኑ ያንሳል፣ ከውጭ ግን አታውቀውም። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ቦታ መልኩ ብቻ የተቀዳ ነው፤ ሳጥኑ፣ ስክሪኑ፣ ሜኑው ሳይቀር። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ቀጭን ነው፣ ሙቀት የሚያወጣው አሉሚኒየም ደግሞ ስስ። የምትፈራው ይሄን ሦስተኛውን ነው፤ ሁለተኛውን ግን እያወቅክ ብትገዛው ጉዳት የለውም።

እንዴት ትለያለህ? ካቻቢቴ ይዘህ ሱቅ ውስጥ ሳጥን አትከፍትም። ዋስትናውም ይቀራል፤ ደግሞ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ጣትህን ያስታውሱሃል። ከመመሪያው ጀምር። መመሪያ የሌለው ዕቃ አትግዛ። ርካሹን እዚህ ላይ ጣለው፤ ከዚህ በኋላ ስለሱ አላወራም።

መመሪያ ካለ የሜኑውን ቁጥሮች ተመልከት። በአክስፐርት ዘር ፕሮግራም 01 ላይ ቤቱ ኃይል ከማን ይውሰድ የሚለው ነው፤ ከመስመር (ከመብራት ኃይሉ)፣ ከሶላር ወይስ ከባትሪ። 03 ላይ የመስመሩ ቮልቴጅ ወሰን፣ 05 ላይ የባትሪው ዓይነት፣ 26 እና 27 ላይ የቻርጅ ቮልቴጅ፣ 29 ላይ ባትሪው የሚቆረጥበት ልክ ይመጣል። የብልሽት ኮዶቹም ይታወቃሉ፦ 01 ፋኑ ቆመ፣ 02 ሞቀ፣ 05 ሾርት አደረገ፣ 07 ጭነት በዛበት፣ 09 ከመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ተቃጥሏልና ጠጋኝ ጥራ። ይህ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ከገጠመ፣ ወይ ከዚያ ዘር ነው ወይ ያን ዘር የቀዳ ነው። ቅጂውም ሜኑውን ስለሚቀዳ ጥራቱን አይነግርህም። ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ነገ ሲበላሽ ዘሩን የሚያውቅ ጠጋኝ ማግኘት ይቀላል።

ቅጂን ለመያዝ እኔ የምጠቀምበት ሚዛን ነው። አዎ፣ የሽንኩርት ሚዛን። መመሪያው ላይ ክብደቱ ተጽፏል። እንዳንተ ዓይነቱ ቀላሉ ሞዴል፣ ትልቅ ትራንስፎርመር የሌለበት፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትራንስፎርመር ያለበት የድሮው ዓይነት 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። አንተ የምታየው ዕቃ መመሪያው 12 ኪሎ ብሎ፣ ሚዛኑ 9 ካለ፣ የጎደለው 3 ኪሎ መዳብና አሉሚኒየም ነው። ከዚያ በአየር መውጫው ቀዳዳ የስልክህን መብራት ወደ ውስጥ አብራ። ሁለቱን ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጠህ እያቸው፤ ትልልቅ የሽቦ ጥቅሎች አንዱ ውስጥ ሁለት፣ ሌላው ውስጥ አንድ ብቻ ከሆኑ ሻጩ የሚለውን መስማት አያስፈልግህም። ስቲከሩንም በጥፍርህ ጫር አድርገው። ከሥሩ ሌላ ስቲከር ሲወጣ ያየሁበት ቀን አለ፤ የታችኛው 5.5 ሳይሆን 3.5 ይል ነበር።

«የጀርመን ቴክኖሎጂ» የሚለውን በተመለከተ፣ በካርቶን ላይ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። ሲኢ የሚለው የአውሮፓ ምልክትም ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ «ደንቡን አሟልቻለሁ» ብሎ የሚለጥፈው እንጂ የሌላ መርማሪ ማኅተም አይደለም። የምርመራ ወረቀት አለኝ ካለህ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እይ። የጅሩ ሰንጋ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል እንጂ ነጋዴው «ከጅሩ ነው» ስላለ ብር አይቆጠርም።

አሁን ወደ ኪሎዋቱ። 5.5 የሚለው ቁጥር ኪሎዋት ነው ወይስ ኬቪኤ፣ ማለት ቮልቱ በአምፔሩ ተባዝቶ የሚወጣው? የድሮዎቹ ብዙዎቹ 5 ኬቪኤ ተብለው 4 ኪሎዋት ብቻ የሚሸከሙ ነበሩ፤ ስቲከሩ ላይ ትልቁ ቁጥር በትልቁ፣ ትንሹ በትንሹ ይጻፋል። «11,000 ዋት» የሚል ካየህ ደግሞ ለስንት ሰከንድ እንደሆነ ጠይቅ። ለፍሪጅ መነሻ የሚበቃ የጥቂት ሰከንድ ነገር ነው፤ እንጀራ አይጋገርበትም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ደብረ ብርሃን ያለ ሻጭ ብዙ ጊዜ አይነግርህም፤ አዲስ አበባ ያለውማ ጭራሽ። ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነች። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። ፋኑ ያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀጭን ነው፤ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። ስለዚህ አምራቾች ከተወሰነ ከፍታ በኋላ አቅሙን ቀንሱ ይላሉ። የተለመደው አቀናነስ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ነው። መነሻው አንዱ መመሪያ ላይ 1,000 ሜትር፣ ሌላው ላይ 2,000 ሜትር ይሆናል። ይሄ ልዩነት ለአንተ ትልቅ ነው። እናትህ ቤት 3,100 ሜትር ነው እንበል። መነሻው 2,000 ከሆነ 11 በመቶ ይቀነሳል፤ 5.5 የነበረው 4.9 ኪሎዋት ይሆናል። መነሻው 1,000 ከሆነ 21 በመቶ ይሄዳል፤ 4.3 ይቀርሃል። ሳጥኑ አንድ ሆኖ መመሪያው ላይ የከፍታው መስመር የሚለያይባቸው ዕቃዎች አይቻለሁ። ጭራሽ መስመሩ የሌለባቸውም አሉ። የሌለበትን እንደ 1,000 ቁጠረው።

«መንዝ እኮ ብርድ ነው፣ ብርዱ ያቀዘቅዘዋል» ልትለኝ ነው። ልክ ነህ፣ በከፊል። ብርዱ ለሙቀቱ ያግዛል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ የተሰቀለ ኢንቨርተር ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ሆኖም ከቀትር በኋላ ከአንተው የበለጠ ይሠቃያል፤ አቧራና ሙቀት ተደምሮ። ነገር ግን ብርድ የማይጠግነው ሌላ ነገር አለ። ሳጥኑ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ የያዙ ነጥቦች በአየር ክፍተት ነው የተለያዩት። የሳሳ አየር ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ደካማ ነው። አይኢሲ 60664 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን ክፍተት የሚያሰላው እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ክፍተቱ በ1.14 ይባዛ ይላል። ለ2,000 ሜትር የተሠራ ቦርድ መሐል ሜዳ ሲወጣ ክፍተቱ አብሮት አይሰፋም። ስለዚህ ቮልቴጁን አንተ ትቀንስለታለህ፤ ከወሰኑ አፍንጫ ሥር አታደርሰውም።

ይሄ ነው ወደ 10 ፓኔሉ የሚያመጣኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከጥያቄህ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ሻጩ ያሰላውን ላሳይህ። የ550 ዋት ፓኔል፣ ጀርባው ላይ እንደተጻፈው፣ ጭነት ሳይኖርበት 49.8 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። 49.8 በ10 ሲባዛ 498። የኢንቨርተሩ ወሰን 500። «አየህ፣ ይችላል!» ብሎሃል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ለ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይወጣል፤ በየዲግሪው 0.27 በመቶ ገደማ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር የፓኔሉ ጀርባ ላይ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ መሐል ሜዳ ጧት ውርጭ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው ፓኔሉ 0 ዲግሪ ነው። ከ25 እስከ 0 ያለውን ስታሰላ 6.75 በመቶ ይጨምራል። አንዱ ፓኔል 53 ቮልት ይሆናል፣ 10ሩ 532 ገደማ። ፀሐይዋ ስትወጣ፣ ፓኔሉ ገና በረዶ እንደሆነ፣ ኢንቨርተሩ ሥራ ሳይጀምር፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚመጣው ያኔ ነው። 532 ቮልት 500 በሚችል ቦርድ ላይ ወጣ ማለት ነው፣ ያውም በሳሳ አየር።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የማወራህ። ከዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ጠባሴ አንድ ቤት ስሠራ ራሴ እንዲሁ በ25 ዲግሪ አስልቼ ወሰኑ ሥር አስጠጋሁት። ነሐሴ ገጠምኩት፤ መስከረምና ጥቅምት ሰላም ነው። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጧት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። «እንደ ጥይት ጮኸ» አሉኝ። ሄጄ ሳየው ጭሱ ገና አልወጣም። ሻጩ ዋስትና አይሸፍንም አለ፤ እውነቱን ነው፣ ከወሰን በላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የዕቃውን ግማሽ ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ፓኔል የምቆጥረው ውርጭ ውርጩን እያሰብኩ ነው።

ላንተ 8 ፓኔል በአንድ መስመር ይበቃል። በ0 ዲግሪ 425 ቮልት ይሆናል፤ ለ500 ወሰን 75 ቮልት ትርፍ አለህ። ወሰኑ 450 የሆነ ዕቃ ከገጠመህ 7 አድርገው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ ሳጥኑ ያው ሆኖ ወሰኑ 145 ቮልት ብቻ የሆነ የቀድሞ ሞዴልም አሁን ድረስ ይሸጣል። እሱ ላይ 2 ፓኔል ብቻ ነው በተከታታይ የምታስረው፤ 3 ከሆነ ገና በሙቀቱም 149 ነው። ስለዚህ ስሙን ተወውና የሞዴሉን ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል አንብብ። በነገራችን ላይ አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ ፊቱ ላይ ኤምፒፒቲ (ከፓኔሉ ከፍተኛውን ኃይል እየፈለገ የሚወስደው የሶላር መቆጣጠሪያ) ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ያለው ተራው ፒደብሊውኤም (ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ የሚጎትተው) ነው። የሚታወቀውም በዚሁ ነው፤ ከፍተኛው የሶላር ቮልቴጅ ከባትሪው ብዙም ካልራቀ ጠርጥር።

425 ቮልት ቀጥታ ከረንት (ዲሲ) ጣራ ላይ ማለት ቀልድ አይደለም። ተራ የቤት ብሬከር አታስገባበት። የቤቱ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ የፓኔሉ ግን አይነካም፣ ብልጭታው ብሬከሩን እያቀለጠ ይቀጥላል። ለዲሲ የተሠራ፣ ቮልቴጁ የተጻፈበት ብሬከር ግዛ። የፓኔሉን ብረት መሬት ላይ በደንብ እሰረው፣ የመብረቅ መከላከያም ጨምርበት። የመንዝን ክረምት አንተ ታውቀዋለህ።

ወደ እናትህ ምጣድ እንምጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፣ አንዳንዱ ወደ 4 ይጠጋል። ከፍታው ከቀነሰልህ በኋላ 4.3 ወይ 4.9 ኪሎዋት ነው ያለህ። ምጣዱ ብቻውን ይችላል። ምጣዱና የውኃ ማፍያው አብረው ግን አይችሉም፤ ይሄን ለእማማ በግልጽ ንገራቸው፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣና እንጀራው ሲጋገር በአንድ ጊዜ እንዳይገጥም። ሱቅ ውስጥ ስትፈትነውም በዚሁ ፈትነው። አምፖል አብርቶ «ይኸው ይሠራል» የሚልህን እሺ አትበል። ምጣድ ወይም ሁለት የውኃ ማፍያ ሰካና 30 ደቂቃ ጠብቅ። ሽታ ከመጣ፣ ፋኑ ካበደ፣ ስክሪኑ 02 ወይም 07 ካለ፣ አመስግነህ ውጣ። እምቢ የሚል ሻጭም መልስ ሰጥቶሃል።

ባትሪውን አልጠየቅከኝም፤ ግን ሒሳቡ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። 51.2 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ 5.1 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ 5 ይበላል። በአንድ ጋገራ ባትሪው አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ጋገራው ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይሁን፤ በዚያ ሰዓት 8ቱ ፓኔሎች የምጣዱን አብዛኛውን ይችሉታል፣ ባትሪው የጎደለውን ብቻ ይሞላል። ምጣዱ ሲሠራ ከባትሪው ብቻ ቢወሰድ 75 አምፔር አካባቢ ነው፤ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው መጠበቂያ ቦርድ 100 አምፔር የሚያሳልፍ መሆኑን እይ፣ 50 ብቻ የሆኑ አሉና። ባትሪውን ደግሞ ውጭ ጎተራ ሥር አታስቀምጠው። ሊቲየም ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። ቤት ውስጥ ይሁን፣ ከምድጃ ራቅ ብሎ።

ስም የተቀየረላቸው ዕቃዎች የሚያስቸግሩበት አንድ ቦታ ይሄ ነው፤ ባትሪና ኢንቨርተር መነጋገር ሲያቅታቸው። ካርቶኑ ላይ «ከሊቲየም ጋር ይነጋገራል» ይላል። ገመዱን ስትሰካው ዝም። የገመዱ እግር አደራደር ወይም ቋንቋው አይገጥምም። ከመግዛትህ በፊት ሁለቱን ሱቅ ውስጥ አያይዘህ ስክሪኑ የባትሪውን መቶኛ ማንበቡን እይ። ባይነጋገሩም ዓለም አያልቅም፤ ፕሮግራም 05 ላይ «ተጠቃሚ» የሚለውን መርጠህ ቁጥሮቹን በእጅ ታስገባለህ። ለ16 ሴል ባትሪ ቻርጁን 56 ቮልት፣ ማቆያውን 54፣ መቁረጫውን 48 ብታደርገው ባትሪህ ደህና ይኖራል።

የማታው መዳከም። በዚህ ዘር ፕሮግራም 03 ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ዩፒኤስ የሚባለው ነው፤ መስመሩ ከ170 ቮልት ሲወርድ ቆርጦ ወደ ባትሪ ይሄዳል። ሁለተኛው ኤፒኤል የሚባለው እስከ 90 ቮልት ድረስ ዝም ብሎ ያሳልፋል። 90 ቮልት! አምፖሉ ደብዝዞም ይበራል፤ የፍሪጁ ሞተር ግን መነሳት እያቃተው ይቃጠላል። ብዙ ገጣሚ ዕቃው «ቲክ ቲክ» እንዳይል ብሎ ኤፒኤል ላይ ትቶት ይሄዳል። አንተ ዩፒኤስ ላይ አድርገው፣ ፕሮግራም 01ን ደግሞ ሶላር፣ ቀጥሎ ባትሪ፣ መጨረሻ መስመር በሚለው ላይ። እንዲህ ሲሆን ማታ መብራቱ በሚዳከምበት ሰዓት ቤቱ መጀመሪያውኑ በባትሪ ላይ ነው፤ መስመሩ ቢወርድም ቢጠፋም እናትህ አታውቀውም።

ሌላ ማንም የማይናገረው ቁጥር አለ፤ ዕቃው ምንም ሳይሠራ ራሱ የሚበላው። የዚህ መጠን ኢንቨርተር 50 ወይም 60 ዋት ሊወስድ ይችላል። 55 ዋት በ24 ሰዓት 1.3 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ጥሩ ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ይበልጣል፤ የባትሪህ ሩብ ነው! ክረምት ላይ፣ ሐምሌ ጉሙ ሲወርድና ፀሐይ ሳምንት ስትጠፋ፣ ጨለማ ውስጥ የሚያስቀምጥህ ቲቪው ሳይሆን ይሄ ነው። ሁለት ዕቃ ተመሳሳይ ሆነው ካስቸገሩህ በክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ ከረንት በሚለካው) የባትሪውን ገመድ ያለ ጭነት ለካቸው። 48 ቮልት ላይ 1 አምፔር ያሳየ ደህና ነው። 2 የሚያሳየውን ተወው።

ሽቦ ላይ አልዘገይም፤ መዳብ ይሁን፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አይሁን፣ ብሎኑን አጥብቀው፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቀው። ኢንቨርተሩን በስልክ የምታይበት አፑም አያሳስብህ፤ ብዙዎቹ ስሞች በውስጥ ያው አንድ አፕ ነው የሚጠቀሙት፣ የዘር መለያም ይሆንልሃል።

እንግዲህ የቱን ትገዛለህ። ርካሹን ጥለነዋል። ከሁለቱ እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ነው፣ ቅድመ ሁኔታ አለኝ ግን። ጠጋኝ አለን ያሉህን ጠጋኙን አግኘው። «የዚህ ዕቃ ዋና ቦርድ መጋዘን አለ?» በለው። አለ ካለ አሳየኝ በለው። አይቶ የሚያውቀውን ብልሽት ጠይቀው፤ «ይሄ ዕቃ ተበላሽቶ አያውቅም» ካለህ ጠጋኝ አይደለም፣ ሻጭ ነው። ዋስትናው በወረቀት፣ የሳጥኑ መለያ ቁጥር የተጻፈበት፣ ቦርድ ሲቃጠል ይለውጣሉ ወይስ «ወደ አዲስ አበባ ይላካል» የሚለው ተለይቶ ይጻፍ። ውዱ ዕቃ በክብደት፣ በሜኑ፣ በከፍታ መስመሩ ከመካከለኛው ጋር አንድ ሆኖ ከወጣ፣ ልዩነቱ ካርቶኑ ነው። በዚያ ገንዘብ ዲሲ ብሬከርና የመብረቅ መከላከያ ግዛ፤ ይተርፍሃል። ውዱ ላይ ግን አቅሙ የማይቀነስበት ከፍታ 3,000 ሜትር ተብሎ ከተጻፈና ወረቀቱ ከሞዴሉ ጋር ከገጠመ፣ ያኔ ቃሌን እመልሳለሁ። ለመሐል ሜዳ ያ መስመር ገንዘብ ያወጣል።

ፓኔሉን አሁን አትግዛ። የሁለቱን መመሪያ 3 ገጽ ብቻ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ከፍተኛው የሶላር ቮልቴጅ ያለበትን፣ የሥራ ከፍታው ያለበትንና ክብደቱ ያለበትን። የፓኔሉን የጀርባ ስቲከርም ጨምር። ስንት በአንድ መስመር እንደምታስር ያኔ ቁርጡን እነግርሃለሁ።